ብረት ማንኪያ፣ ፕላስቲክ ዓሣና ጥልቀት፦ አዳኝ ዓሣን በሰው ሰራሽ ማባበያ የማጥመድ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ሰው ሰራሽ ማባበያ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ቀለምን ነው። «ቀዩ ይሻላል ወይስ ብርማው?» ይለኛል። እኔ መልሼ «ዓሣው ስንት ሜትር ላይ ነው ያለው?» እላለሁ። ዓሣው አራት ሜትር ላይ ቆሞ ማባበያው ከላይ ግማሽ ሜትር ላይ ካለፈ፣ ቀለሙ የፈለገውን ቢሆን ዋጋ የለውም። ስለዚህ እዚህ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዓሣው፣ ጥልቀቱ፣ ፍጥነቱ፣ መጠኑ። ቀለም መጨረሻ ይመጣል።

በትልና በሊጥ ስናጠምድ ዓሣው እስኪመጣልን እንጠብቃለን። በማባበያ ግን ሄደን እንፈልገዋለን። ብረቱን ወይም ፕላስቲኩን የቆሰለ ትንሽ ዓሣ እስኪመስል በእጃችን እናንቀሳቅሰዋለን። ስለዚህ የሚሠራው ሌላ ዓሣ አሳዶ ለሚበላ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ በማባበያ አትድከሙበት። አምባዛ አልፎ አልፎ ይነክሳል፤ ግን እሱ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውንና ሪዙን ያምናል። ለአምባዛ ሥጋ ይሻላል።

የትኛውን ዓሣ ነው የምትፈልጉት?

አገራችን ውስጥ ለማባበያ የሚሆኑ አራት ዓይነት ዓሦች አሉ። የአፋቸው አሠራር እጅግ ይለያያል። ማባበያ የሚመረጠው ደግሞ በአፉ ነው።

የመጀመሪያው ናይል ፐርች ነው። ጫሞና አባያ ሐይቅ፣ ኦሞና ባሮ ወንዝ ይገኛል። አይነክስም፤ ትልቅ አፉን በድንገት ከፍቶ ውኃውንና ዓሣውን አንድ ላይ ይስባል። ጥርሱ ደቃቅና ሸካራ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት። ክርን በአንድ ጊዜ አይቆርጥም፣ ቀስ እያለ ይልገዋል። ብርሃን ሲቀንስ በደንብ ያያል፤ ማታ ባትሪ ቢበራበት ዓይኑ ያበራል። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ የሚታደነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ታይገርፊሽ ነው፣ ጫሞና አባያ ውስጥ ያለው። ይህ የናይል ፐርች ተቃራኒ ነው። ጥርሱ ረጅም፣ ሹልና ከአፉ ውጭ የሚታይ ነው። በቀን፣ በዓይኑ እያየ ያድናል። አፉ አጥንት ብቻ ስለሆነ መንጠቆ የሚይዝበት ሥጋ የለውም። ከነከሱት አብዛኞቹ ዘለው ማባበያውን ይተፉታል። ይህን አውቃችሁ ግቡ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የእናንተ አይደለም።

ሦስተኛው የጣና ነው። ስለ እሱ ብዙ ማውራት እወዳለሁ። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባለው ወገን፣ ብዙዎቻችን ቢልጫ የምንለው፣ 15 ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ሆነዋል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። የሚፈጭበት ጥርስ ጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። ጥርስ የሌለው ዓሣ ያሳደደውን መያዝ፣ መቀርጠፍም አይችልም። የሚበላው በቀላሉ ጉሮሮው የሚያልፍለትን ትንሽ ዓሣ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ለጫሞ የገዛውን 14 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ ዓሣ ይዞ ባሕር ዳር ይመጣና ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ይውላል። ለጣና ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ግማሽ ሜትር ለሚሞላው ዓሣም ቢሆን።

አራተኛው የባሌ ትራውት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ መጥቶ ወይብ፣ ሻያና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ገባ። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውኃ ይወዳል። ለእሱ ከ3 እስከ 6 ግራም የምትመዝን ትንሽ ስፒነር (ቀጥሎ የምገልጻት ተሽከርካሪ ማባበያ) ትበቃለች። ጥላችሁን እንዳያይ ግን ተጠንቀቁ፤ ጎንበስ ብላችሁ ቅረቡ።

ማባበያዎቹ

ዓይነቱ በሺህ ይቆጠራል። ለጀማሪ አራቱ ይበቁታል።

ስፒነር። ትንሽ የብረት ቅጠል በሽቦ ዙሪያ ትሽከረከራለች። ስትጎትቱ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ውኃውንም ታርገበግባለች። ለጣናና ለባሌ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናት። ጉዳቷ ክር ማጠማዘዟ ነው። ስለዚህ ከፊቷ ግማሽ ሜትር ላይ ስዊቭል የሚባለውን ትንሽ ተሽከርካሪ ማያያዣ እሰሩ።

ፕላስቲክ ወይም እንጨት ዓሣ። ብዙ ሰው «ራፓላ» ብሎ የሚጠራው ነው። ስሙ የመጣው ከፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ከላውሪ ራፓላ ነው። ሰውየው ሐይቅ ላይ ሲሠራ አዳኙ ዓሣ ከመንጋው መሃል የሚመርጠው እየተንገዳገደ የሚዋኘውን ደካማውን እንደሆነ አስተዋለ። በ1936 እ.ኤ.አ. ከቡሽ ቀርጾ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፍኖ፣ የፎቶ ፊልም አቅልጦ ቀብቶ የመጀመሪያውን ሠራ። እስከ ዛሬ የምንገዛው ያንኑ መንገዳገድ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አፉ ሥር ያለችውን ምላስ የመሰለች ፕላስቲክ ተመልከቱ። ጥልቀቱን የምትወስነው እሷ ናት። ረጅም ሆና ወደፊት ከተዘረጋች ማባበያው ወደ ታች ይጠልቃል። አጭር ሆና ወደ ታች ከቆመች ከላይ ከላይ ይሄዳል። ሣጥኑ ላይ የሚጠልቅበት ሜትር ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ተንሳፋፊ ወይም ሰማጭ መሆኑንም አንብቡ። ተንሳፋፊው መጎተት ስታቆሙ ወደ ላይ ይመጣል። ድንጋይና እንጨት በበዛበት ቦታ ይህ ገንዘብ ያድናል፣ ምክንያቱም ሲነካ ቆም ብትሉ ራሱ ይላቀቃል።

ለስላሳ ፕላስቲክ። ጭራው የሚወዛወዝ የጎማ ዓሣ ሲሆን ጭንቅላቱ እርሳስ የሆነ መንጠቆ ላይ ይሰካል። ርካሽ ነው። ወለል ድረስ ይወርዳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን የመንጠቆውን ጫፍ ጎማው ውስጥ መደበቅ መቻሉ ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ባለበት አካባቢ ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ መወርወር ሣር ማጨድ ነው። እዚያ በዚህ ዓይነት ባለ አንድ መንጠቆ ጎማ ብቻ ሥሩ። ለታይገርፊሽ ግን አይሆንም፤ በአንድ ንክሻ ጭራውን ይወስደዋል።

ማንኪያ። የእኔ ፍቅር ይህ ነው። ጎበጥ ያለ ብረት ብቻ ነው፤ ሲጎተት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ያብለጨልጫል። ሩቅ ይወረወራል፣ ቶሎ ይሰምጣል፣ አይሰበርም። አሜሪካዊው ጁሊዮ ቡዌል ይህን ማባበያ በ1852 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ። ሐሳቡ የመጣለት ማንኪያ ሐይቅ ውስጥ ወድቆበት ሲሰምጥ ዓሣ ሲመታው አይቶ እንደሆነ ይነገራል።

ማንኪያውን ቤት ውስጥ መሥራት

እኛ አገር ማባበያ የሚሸጥ ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኞቻችን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እናስመጣለን። ማንኪያ ግን መሥራት ይቻላል፣ በጣምም ይሠራል።

ያረጀ የማይዝግ የሾርባ ማንኪያ ፈልጉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል። ወፈር ያለውን ምረጡ፤ ስስ ማንኪያ ቀላል ስለሆነ ሩቅ አይሄድም። እጀታውን ከሥሩ በብረት መጋዝ ቁረጡ። ከዚያ የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አስተካክላችሁ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ስል ጠርዝ የራሳችሁን ክር ይቆርጣል፣ ጣትም ይቆርጣል።

ቀጥሎ ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ አንዱ በጠባቡ ጫፍ፣ ሌላው በሰፊው። 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ አድርጋችሁ በምስማር ነጥብ ምቱ። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው። መሰርሰሪያውን በዝግታ አዙሩ፣ ዘይትም ጠብ አድርጉበት። በፍጥነት ካዞራችሁት ብረቱ ይግላል፣ መሰርሰሪያው ይደነዝዛል። ማንኪያውን በእጃችሁ ይዛችሁ አትሰርስሩ፤ ተይዞ አብሮ ከዞረ እጅ ይበላል። በሞርሳ አስራችሁ ብሱት፣ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ጋራዥ ውሰዱት። መነጽር አድርጉ።

በሁለቱም ቀዳዳ የብረት ቀለበት አስገቡ። በጠባቡ በኩል ክሩ ይታሰራል፣ በሰፊው በኩል መንጠቆው ይንጠለጠላል። ከቁልፍ መያዣ የሚወጣ ትንሽ ቀለበት ለጣና ይሆናል። ለናይል ፐርች በፍጹም አይሆንም። አንድ ጊዜ ጫሞ ላይ ጀልባው ጎን ድረስ ያመጣሁት ትልቅ ዓሣ ሲያመልጠኝ ማባበያውን ሳወጣው ቀለበቱ እንደ ሽቦ ተዘርግቶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ቀለበትና መንጠቆን ጠንካራ ከውጭ አስመጣለሁ፤ ብረቱን ብቻ እዚህ እሠራለሁ። ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲላችሁ የምትሉት እነዚህን ሁለቱን ነው። ቦታ አይዙም፣ ዋጋቸውም ትንሽ ነው።

የሠራችሁትን በባልዲ ሳይሆን በእውነተኛ ውኃ ፈትኑት። ሁለት ሜትር ያህል ጎትቱትና እዩት። ማወዛወዝ አለበት። እንደ መኪና ጎማ ሙሉ በሙሉ ከዞረ ትንሽ አቅኑት። ቀጥ ብሎ ከመጣ ደግሞ ጫፉን በፒንሳ ጎንበስ አድርጉት።

ዘንግ፣ ሪልና ክር

እዚህ ላይ አጠር ላድርግ። ለጣና ከ5 እስከ 20 ግራም የሚወረውር፣ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ ዘንግና ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚችል ናይለን ይበቃል። ለባሌ ትራውት ከዚህም ይቅጠን፤ 2 ወይም 3 ኪሎ። ለናይል ፐርች ጠንከር ያለ ዘንግ፣ ቢያንስ ከ20 ኪሎ በላይ የሚችል የተጎነጎነ ክርና ትልቅ ሪል (የክር መጠቅለያ) ያስፈልጋል። የክር ጥቅል ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፓውንድ ነው። ቁጥሩን ለሁለት አካፍሉት፣ ከዚያ ትንሽ ቀንሱ፤ ኪሎው እሱ ነው።

በዋናው ክርና በማባበያው መካከል መሪ ክር ይገባል። ለናይል ፐርች አንድ ሜትር ያህል ወፍራም ናይለን ይሁን። ለታይገርፊሽ 20 ሳንቲ ሜትር የብረት ሽቦ የግድ ነው። ለጣናና ለትራውት ምንም አያስፈልግም።

ቋጠሮው ይህ ነው። ክሩን በቀለበቱ አሳልፉ። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ። ቀለበቱ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ ጫፉን አስገቡ፤ ከዚያ አሁን በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት መልሱት። በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይሞቃል፣ ክሩም ይዳከማል። የተጎነጎነ ክር ከሆነ ጥምዛዙን ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ከፍ አድርጉ፤ አለበለዚያ ይንሸራተታል።

የሪሉን ፍሬን፣ ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀውን፣ ክሩ ከሚችለው ሲሶ ላይ አስተካክሉ። 20 ኪሎ ለሚችል ክር ወደ 6 ወይም 7 ኪሎ ሲጎተት ክር መስጠት አለበት። በሚዛን ይለካል። ቤት ውስጥ ለኩት፤ ጀልባ ላይ ዓሣ ይዞ የሚለካ ሰው የለም።

ከመወርወራችሁ በፊት

ጫሞ የአዞ ሐይቅ ነው። አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ጉማሬም አለ፣ ጣና ላይም ቢሆን። ውኃ ውስጥ ገብታችሁ አትወርውሩ፣ ዳር ላይ ቁጢጥ ብላችሁም መንጠቆ አትፍቱ። ጫሞ ላይ በጀልባ ብቻ፣ ሐይቁን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። ማባበያ ውኃ ውስጥ ከተጠለፈ እጃችሁን ሰዳችሁ አታላቅቁት፤ ክሩን ቁረጡት።

ፈቃድም አለ። አገር አቀፉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የጫሞ ከፊሉ ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ነው። ባሌ ላይ ዲንሾ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ግቡ።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጣና ቢልጫ ሊራባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣል። በዚያ ጊዜ የወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፣ ለመያዝም ቀላል ነው። መረብ ብዙ የጎዳው እዚያው ላይ ነው። ይህ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለመራባትም ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ።

ውኃው ላይ

መጀመሪያ ጥልቀቱን እወቁ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ በየሜትሩ ቋጠሮ ካደረጋችሁ ይበቃል። ጣና በአማካይ 8 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በዚህ ይለካል።

ቀጥሎ ማባበያችሁ በምን ፍጥነት እንደሚሰምጥ ለኩ። ጥልቀቱን ባወቃችሁበት ቦታ ማንኪያውን ከጀልባው ጎን ልቀቁትና ክሩ እስኪላላ ቁጠሩ። ሦስት ሜትር ውኃ ላይ ስድስት ከቆጠራችሁ፣ አንድ ቁጥር ማለት ግማሽ ሜትር ነው። በቃ፣ አሁን ጥልቀትን በአፋችሁ መቁጠር ትችላላችሁ።

ወርውሩ። ማባበያው ውኃ ሲነካ መቁጠር ጀምሩ። በመጀመሪያው ውርወራ ሁለት ቁጠሩና ጎትቱ። በሚቀጥለው አራት፣ ከዚያ ስድስት። ወለል እስክትነኩ ወይም ዓሣ እስኪመታ ቀጥሉ። ሲመታ ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ በኋላ በዚያች ቁጥር ብቻ ሥሩ። አብሮ የሚያድን ዓሣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥልቀት ላይ ነው የሚውለው። ከጠዋት ጀምሮ ያለ ምንም ንክሻ የቆየ ጀልባ ይህን ካደረገ በኋላ ሲቀየር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥልቀቱ ትክክል ሆኖ ካልነከሰ ፍጥነቱን ቀይሩ። እኩል መጎተት ትልቁ ስህተት ነው። የቆሰለ ዓሣ እኩል አይዋኝም። አራት ዙር ጎትቱ፣ ቆም በሉ፣ የዘንጉን ጫፍ ነካ አድርጉ፣ እንደገና ጎትቱ። ማንኪያ የሚመታው ብዙ ጊዜ ቆም ስትሉ፣ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ክሩን አታላሉት። ለታይገርፊሽ ግን አትዘግዩ፣ የቻላችሁትን ያህል ፈጥናችሁ ጎትቱ፤ እሱ የሚሮጥ ነገር ይወዳል። ናይል ፐርች ዘገምተኛውን ይመርጣል።

ጫሞ ላይ ከጀልባ ኋላ መጎተትም ይቻላል። ከ12 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠላቂ ፕላስቲክ ዓሣ ከ30 እስከ 40 ሜትር ክር ስጡትና ጀልባውን በሰው የእርምጃ ፍጥነት አስኬዱ። የዘንጉን ጫፍ ተመልከቱ። ካልተንቀጠቀጠ ማባበያው ሣር ይዟል ማለት ነው፤ አውጥታችሁ አጽዱት።

አሁን ቀለም። ጥርት ባለ ውኃ ብርማና የተፈጥሮ ቀለም ያለው። ደፍርሶ ከሆነ ግልጽ ልዩነት የሚያሳይ፦ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር። ቀይ ውኃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋ ቀለም ነው፤ ጥልቅ ላይ ጥቁር ይመስላል። አባያ በደለል ቀልቶ ዓሣው ከአፍንጫው ፊት ብዙ አያይም። እዚያ ቀለም ከሞላ ጎደል ትርጉም የለውም። ውስጡ ኳስ ያለው፣ የሚንሸካሸክ ማባበያ ምረጡ። ዓሣ ጎኑ ላይ ባለው መስመር የውኃ መርገብገብን ይሰማልና በዚያ ያገኘዋል።

ሲይዝ

ሲመታ ዘንጉን በኃይል አትንቀሉ። ክሩ ክብደት እስኪሰማው ጠብቁና በአንድ ቆራጥ እንቅስቃሴ ሳቡ። ለታይገርፊሽ ሁለት ጊዜ ድገሙት። ሲዘል የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርጉ። ሲሮጥ ሪሉን አትጠቅልሉ፤ ፍሬኑ ይሥራ። ሲያርፍ ዘንጉን ከፍ አድርጉ፣ ዝቅ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ።

መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ሹል በፒንሳ ቀድማችሁ ብትደፈጥጡት እመክራለሁ። ክሩን ካላላላችሁ ዓሣ አያመልጥም። መንጠቆው እጃችሁ ላይ ተሰክቶ በቀላሉ ሲወጣ ደግሞ ትባርኩታላችሁ። ጥርሱንና ባለ ሦስት ጥፍሩን በጣታችሁ አትንኩ፣ ረጅም ፒንሳ ይዛችሁ ውጡ።

ለምግብ አንድ መካከለኛ ያዙ። ትልቋን ልቀቋት። ጫሞ ላይ ናይል ፐርች በመረብ ብዛት በጣም ቀንሷል። ትልቋ ደግሞ ብዙ ዕንቁላል የምትጥለው ናት። የምትለቁትን በእርጥብ እጅ፣ አግድም ይዛችሁ፣ በተቻለ መጠን ውኃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውጡለት። ናይል ፐርች የአየር እጥረት አይችልም፤ ፎቶ ካነሳችሁ በሰከንዶች ይለቅ። ራሱ ጭራውን መትቶ እስኪሄድ ደግፋችሁ ያዙት። አዞ ባለበት ይህን የሚያደርገው የጀልባው ሰው ይሁን፣ ረጅም እጀታ ባለው መረብ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ማባበያዎቹን በንጹሕ ውኃ አጥቡና አድርቁ። እርጥብ መንጠቆ ሣጥን ውስጥ ከተዘጋበት በሳምንት ይዝጋል። ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ሞክሩት፤ ከተንሸራተተ በጥሩ ሞረድ ሳሉት። የሪሉን ፍሬን አላሉት።

ደብተርም ያዙ። የእኔ ከቦታና ከሰዓት ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አለው። ካለፈው ጉዞ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ጫሞ፣ ጠዋት 12፡40፣ ነፋስ የለም። ራሴ የሠራሁት ማንኪያ። ሲወድቅ መታ። ቁጥር 9።»